ከብልቃጥ የወጣ ቆዳ

እኔና ጠፍሩ አንድ በር ስንጋራ ሠላሳ ሁለተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ክፍሏ ጠባብና ረዥም ናት። ከመንገዱ በር እስከ መሃል ያለው የእኔ ነው፤ ከመሃል እስከ ጓሮው በር ያለው የእሱ። እኔ ሰዓት እጠግናለሁ፣ እሱ ቆዳ ይሰፋል። ቀበቶ ይሠራል፣ ቦርሳ ይሠራል፣ የሰዓት ማሰሪያ ይሠራል፤ ያገናኘንም ማሰሪያው ነው። ሰዓቱን እኔ አስነሳዋለሁ፣ ማሰሪያውን እሱ ያበጅለታል፣ ደንበኛው አንድ ቦታ ገብቶ ሁለት ጉዳይ ጨርሶ ይወጣል። ጠፍሩ የእናት የአባት ስሙ አይደለም። ጠፍር ሲቆርጥ አይቼው እኔ ነኝ ያወጣሁለት፤ ዛሬ ሚስቱም ሳትቀር በዚሁ ትጠራዋለች።

እኔ ሚስት የለኝም፣ ኖራኝም አታውቅም። ስለ ሚስት ግን ከባለትዳሮቹ በላይ አውቃለሁ እያልኩ ነው የኖርኩት። ውስጥ ከገባው ይልቅ ዳር ቆሞ የሚያየው ይሻላል ባይ ነበርኩ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ኋላ ስለሚመጣብኝ ነው።

ጠፍሩ ትልቅ ሰውነት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አንድ ነገር ካልገባው ግን አይለቅም። ቆዳ ነጋዴ ጥቅሉን ዘርግቶ ዋጋ ሲጠራ እሱ ነገሬም አይለው፤ ጎንበስ ብሎ ቆዳው ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሹን ይተነፍስበትና ያሸተዋል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ይሄ እርጥብ መጋዘን ነው የከረመው» ወይም «ይሄን ለማለስለስ የዓሣ ዘይት ተጠቅማችኋል» ይላል። ነጋዴው አፉን ይዞ ይቀራል። አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁም። ከዓይኑ ይልቅ አፍንጫውን ያምናል፤ እኔ ደግሞ አጉሊ መነጽሬን እንጂ ሌላ አላምንም። በዚህ ስንሟገት ኖረናል።

ማታ ማታ፣ አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን፣ ወስፌውን ያስቀምጥና ሽርጡን ፈትቶ ጓሮ ይወጣል። ቧንቧውን ይከፍታል። ቢጫውን ድፍን ሳሙና፣ የጥፍር ብሩሽና ግማሽ ሎሚ ይዞ እስከ ክርኑ ድረስ ይፋቃል። መፋቅ ስል መታጠብ ማለቴ አይደለም፤ ድስት የሚፈገፍግ ነው የሚመስለው። ከዚያ በላስቲክ ተሸፍኖ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ንጹህ ሸሚዝ ይለብሳል፣ የሥራ ልብሱን እዚያው ትቶ ይሄዳል። ከቆዳ ሥራው ቤቱ የሚገባ አንዲት ክር የለችም። እኔም የቧንቧው ድምፅ ሲሰማኝ ወረንጦና መፍቻዬን መሰብሰብ እጀምራለሁ። አርባ ሰዓት ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ፣ መሸ የምለው በዚያ ቧንቧ ነው።

የሎሚው ነገር የተጀመረው እንዲህ ነው። ጠፍሩ ባገባ በሁለተኛው ወር ሱቁ ላይ መብራት ጠፋና አንድ ጥቅል ቆዳ በትከሻው ተሸክሞ ቤት ሊቆርጠው ሄደ። አንኳኳ። ሚስቱ በሩን ከፈተች፣ አየችው፣ አፏን በእጇ ያዘች፣ ገፍታው ወጥታ ከግድግዳው ሥር አስመለሳት። እሱ ቆዳውን እንደተሸከመ ቆሞ ቀረ። በነጋታው ሲነግረኝ ዓይኔን አያይም ነበር። እኔም ወሬውን እንኳ ሳላስጨርሰው ፈረድኩ።

«ሽታው ነው። ምን ይጠየቃል? በሎሚ ታጠብ። ቆዳ ይዘህ ቤት አትግባ። እሷንም ወደዚህ አታምጣት» አልኩት።

እንዳልኩት አደረገ። ከዚያ ወዲህ ፊቷን አዙራበት አታውቅም። ሦስት ልጆች ወለዱ፣ ልጆቹ አድገው በየፊናቸው ሄዱ፣ እኔ ደግሞ አንድ ትዳር ያተረፍኩ ሰው ነኝ እያልኩ በሆዴ ስኮራ ኖርኩ።

አሁን ወደ ዘንድሮ ልምጣ። ከጥቂት ወራት በፊት የጠፍሩ እጆች መሰነጣጠቅ ጀመሩ። መጀመሪያ የጣቶቹ ጫፍ፣ ቀጥሎ መገጣጠሚያዎቹ። ሰም የተቀባውን ክር ሲስብ ክሩ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ዝም ይላል እንጂ ያመዋል፤ ትንፋሹን ሲይዝ ከእኔ ወንበር ይሰማኛል። አንድ ቀን የአንዲት ሴትዮ ነጭ ቦርሳ ላይ ደም ጠብ አለ። ያን ዕለት ክንዱን ይዤ ጥግ ላይ ወዳለው መድኃኒት ቤት ወሰድኩት።

ፋርማሲስቷ እጁን ብርሃን ላይ ገልብጣ አየች።

«በምንድን ነው የሚታጠቡት?» አለችው።

ነገራት። ብሩሹን ሲጠቅስ ቅንድቧ ተነሣ፣ ሎሚው ላይ ሲደርስ እጁን ለቀቀችው።

«በየቀኑ? ስንት ዓመት?»

«ሠላሳ… ትንሽ ይበልጣል።»

«ጋሼ፣ ይሄ ዛሬውኑ ካልቆመ እነዚህ ጣቶች መርፌ መያዝ ያቆማሉ። አላስፈራራዎትም፣ እውነቱን ነው። ለስላሳ ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ከዚያ ይህን ቅባት። ሎሚ የሚባል ነገር እንዳያስጠጉ።»

ለስላሳውን ሳሙና ሞከረው። ታጥቦ መጣና መዳፉን አፍንጫዬ ሥር አደረገው። ቆዳ ነው። ማስቲሽ፣ ሰም፣ ቆዳ፤ ቁጭ ብሏል። ወንበሩ ላይ ተቀመጠና እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ አያቸው። እንደዚያ ቀን አንጀቴን በልቶኝ አያውቅም። ነገሩ ግልጽ ነበር፤ ሎሚውን ከተወ እሷ አጠገብ እንዴት ይደርሳል? ካልተወ እንጀራው ያለው እነዚያ ጣቶች ላይ ነው። የሚሻለውን ሳያውቅ ስምንት ቀን ያህል መፋቁን ቀጠለ፣ ስንጥቁም ባሰ።

ምክር ደግሞ ከእኔ አይጠፋም። «ሽቶ ግዛ» አልኩት። «በሎሚ ከምትነቅለው በሽቶ ሸፍነው።»

«ተቀብቼ አላውቅም።»

«እኔስ መቼ አውቃለሁ? ለመሸተት ብልሃት አያስፈልግም።»

በምሳ ሰዓት ሄድን። ሽቶ ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ፣ በትልቅ ሕንፃ ሥር ያለ ሁለመናው መስታወት የሆነ ሱቅ ነው። ጠፍሩ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ገባ፣ አላወጣቸውም። ጥቁር ሱፍ የለበሰች ልጅ ፈገግ ብላ ተቀበለችን።

«ምን ዓይነት ይፈልጋሉ ጋሼ? ቀለል ያለ? ጣፋጭ? እንጨት እንጨት የሚል?»

ጠፍሩ አሰበ። «ሌላ ሽታ የሚሸፍን» አለ።

ልጅቷ አልሳቀችም፣ እግዜር ይስጣት። ከኋላዋ ካለው መደርደሪያ ጥቁር ጠርሙስ አወረደች። «ለእርስዎ ግርማ የሚሄድ ይሄ ነው። የቆየ፣ የወንድ የሚባል ነው። ቅመም አለው፣ ከበድ ይላል።» በጣት ስፋት ባለ ወረቀት ላይ አንዴ ፊሽ አድርጋ፣ አየር ላይ አወዛውዛ ሰጠችው። አንድ እጁን ከኪሱ ለማውጣት ተገደደ።

አሸተተ። ፊቱ ተለዋወጠ። እንደገና አሸተተ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ነግረሃታል?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሥራዬን ነዋ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። መጀመሪያ ቁንዶ በርበሬ አፍንጫዬን ቆነጠጠኝ። ቀጥሎ የመጣውን ለማወቅ የጠፍሩ አፍንጫ አያስፈልግም ነበር። የራሳችን ክፍል ነው። ሠላሳ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ያለሁ መሰለኝ።

«ቆዳ የሚባለው ዓይነት ነው» አለች ልጅቷ። «ወንዶች በጣም ይወዱታል። ብዙ ጊዜ ያልቅብናል።»

«ሰው ይሄን ገዝቶ ይቀባል?» አለ ጠፍሩ። «ማንም ሳያስገድደው?»

ዋጋውን ነገረችን። እኔ ስቄ ልፈነዳ ነበር፤ አንዱ በብሩሽ የሚፍቀውን ሌላው በዚህ ዋጋ ይገዛዋል። ጠፍሩ ግን ሳቅም ቁጣም አልያዘውም። ቆዳ ነጋዴ ፊት የሚቆመውን አቋቋም ቆመ፤ ሊጠይቅ ነው ማለት ነው።

«የምን ቆዳ ነው? የጥጃ ነው የፍየል?»

«ቆዳ የለበትም ጋሼ።»

«አለ እንጂ።»

«የለም። ከዛፍ ልጣጭ የሚወጣ ጥቁር ዘይት አለ፣ ጭስ ጭስ የሚል። ከዚያ ሄል፣ ቅርንፉድ፣ ሌላም ሌላም። ተደባልቆ ቆዳ ይመስላል።» ከዚያ ባንኮኒዋ ላይ ተደገፈች፣ ጨዋታው እሷንም ሳባት መሰለኝ። «ስንሠለጥን የነገሩንን ልንገርዎት? ድሮ ጓንት ሠሪዎች የቆዳው ሽታ ደንበኛ ሲያባርርባቸው ጓንቱን በሽቶ ያሹት ነበር አሉ። ሰዉ ውሎ አድሮ ሁለቱን አንድ ላይ ለመደ። ኋላ ሽቶ ቀማሚዎቹ ያንን ሽታ ራሱን መሥራት ጀመሩ።»

ጠፍሩ ነገሩን አላምጦ አላምጦ፣ «ሸፋኙን ትተው የተሸፈነውን ሸጡት በይኛ» አላት።

ጠርሙሱን መግዛት የሚታሰብ አልነበረም። ልጅቷ ግን ከመሳቢያዋ የትንሽ ጣት የምታህል የናሙና ብልቃጥ አውጥታ ሰጠችው። «ሁለት ጠብታ ብቻ። አንድ እዚህ አንጓዎ ላይ፣ አንድ አንገትዎ ሥር። አይሹት፣ ዝም ብለው ይተዉት። ሲታሽ ይበላሻል» አለችው። በኋላ የሆነውን ሳስበው ይህችን ምክር ደጋግማ ብትነግረው ኖሮ እላለሁ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ሱቃችን ሱቅ አልነበረም። ጠፍሩ ወረቀቱን ከወስፌዎቹ አጠገብ ሰቅሎ በየሰዓቱ ያሸተዋል። እኔ ደግሞ፣ ምን ቆርጦኝ ዝም እላለሁ፣ ሰዓቱን እየያዝኩ እጽፍለታለሁ። እስከ ሩብ ሰዓት ቁንዶ በርበሬና ሄል። ሰዓት ሲሞላ ቅርንፉድና ቀረፋ። ከምሳ በኋላ ቅመሙ ወደ ኋላ ይልና ቆዳው ብቻውን ይወጣል። ወደ ማታ ጭሱ ይቀራል፣ ሥሩ ላይ ትንሽ ትምባሆ። በነጋታው ሌላ ጠብታ፣ ሌላ ወረቀት፣ እንደገና። ሰዓት ጠጋኝ ሆኜ ሽታ በሰዓት ስለካ ያየኝ ሰው ቢኖር ጤነኛ ነው አይለኝም ነበር።

ቁርጥራጮች ሰብስቦም ዓይኑን በሽርጡ አስሮ ተቀመጠ፤ እኔ አንድ በአንድ አቀብለዋለሁ። የጥጃ፣ የፍየል፣ የበግ፣ ከአሮጌ ሶፋ የተረፈ። እያንዳንዱን ከወረቀቱ ጋር ያመሳክራል።

«አዲስ ቆዳ አይደለም» አለ በመጨረሻ። «የተሠራበት ነው። ሰው ብዙ ዘመን የያዘው ቦርሳ ውስጡን ስትከፍተው… እንደዚያ።»

ደንበኞችም ገቡበት። አንድ ሹፌር አሽትቶ፣ «አዲስ መኪና» አለ። አንዲት አስተማሪ ወረቀቱን ቶሎ መለሰችና፣ «የርዕሰ መምህራችን ቢሮ። ስጠራ ልቤ ይቆም ነበር» አለች። የሰዓቱን ባትሪ ለማስቀየር የመጣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ ምንም ሳይል ሦስት ጊዜ አሽትቶ ወረቀቱን ኪሱ ከቶት ሊሄድ ሲል ደረስንበት።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ጠፍሩ ያሰበውን የነገረኝ። ክር በሰም እየጎተተ፣ ቀና ሳይል።

«ሰው ይህን ያህል ከወደደው፣ እሷስ? ከብልቃጥ ሲመጣ ፊቷን ካላዞረች፣ ቀስ በቀስ ከእጄም ትለምደው ይሆናል። ዓርብ ሎሚውን እተዋለሁ። ተቀብቼ እገባለሁ፣ ፊቷን አያለሁ።»

«ካዞረችስ?»

«ካዞረች ሥራውን እተዋለሁ።»

እንዲህ ሲል ድምፁ ከቅድሙ አልተለየም። እኔ ግን በእጄ የያዝኳት ብሎን ወደቀችብኝ፣ እሷን ስፈልግ ወለሉ ላይ ብዙ ቆየሁ። ያለ እሱ ያቺን ክፍል አላውቃትም። ፈራሁ፣ እውነቱን ለመናገር።

ዓርብ መጣ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ቧንቧው ተከፈተ፣ በለስላሳው ሳሙና ታጠበ፣ ቅባቱን ተቀባ። ተመልሶ ገብቶ ንጹህ ጨርቅ አወጣ። ብልቃጡን ጨርቁ ላይ ደፋው። ምን እንደሚያደርግ የገባኝ ክንዱን ከአንጓው እስከ ክርኑ በጨርቁ ማሸት ሲጀምር ነው። አዲስ ቀበቶ የሚቀባበት አቀባብ ነው! አንድ ዙር ቀባ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ሁለተኛ ዙር ቀባ፣ ጠበቀ፣ ሦስተኛውን በመዳፉ እየተጫነ አሸው።

«ሁለት ጠብታ ብላሃለች እኮ» አልኩት።

«ሁለት ጠብታ ላዩን ነው። ውስጥ ካልገባ ምን ዋጋ አለው?»

«‘አይሹት’ ብላሃለች!»

«እሷ ሽቶ ነው የምታውቀው። ቆዳ አታውቅም።»

ክፍሉ ታፈነ። ሰዓቷን ልትወስድ የመጣች ሴት ደጃፉ ላይ ሦስት ጊዜ አስነጥሳ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ሁለቱንም በሮች ከፈትኩ። ጠፍሩ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቁልፎቹን እስከ አንገቱ ዘግቶ፣ ለፈተና እንደሚሄድ ልጅ ቀጥ ብሎ ወጣ። እኔ ያን ማታ እራቴን እንኳ በወጉ አልበላሁም።

ቅዳሜ ጠዋት አረፈደ። ጠፍሩ አርፍዶ አያውቅም። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ ግድግዳው ላይ ያሉት አርባዎቹም ይህንኑ ይነግሩኛል። ፊቷን አዙራለች አልኩ። አለቀ፣ ዕቃውን ሊሰበስብ ነው የሚመጣው። እንዲህ እያልኩ ሳለ በሩ ተከፈተና ገባ። ከኋላው ሚስቱ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከደጃፉ አልፋ አታውቅም። ጉዳይ ሲኖራት ከመንገዱ ማዶ ትቆማለች፣ እሱ ይወጣላታል። አሁን ገብታ፣ የማታውቀው ሰው ቤት እንደገባች ሁሉ ቀስ ብላ ዙሪያውን አየች። ወስፌዎቹን አየች፣ የተሰቀሉትን ቀበቶዎች ነካ ነካ አደረገች፣ ከዚያ በእሱ በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ወንድሜ፣ ይሄ ሰውዬ ትናንት ምን ሆኖ እንደመጣ አይተሃል?» አለችኝ።

«አይቻለሁ፣ እታለም።»

«በሩን ስከፍት ዓይኔ እንባ አዘለ። የሌላ ሰው ባል ተሳስቶ እኔ ቤት የመጣ መሰለኝ። ምን ሆነሃል ስለው አይመልስ፣ ቆሞ ፊቴን ያያል። ያያል፣ ያያል። ከዚያ ‘አላዞርሽም’ ይለኛል። ምኑን? ‘ፊትሽን’። ስንት ሰዓት ፈጅቶብኝ መሰለህ ከአፉ ያወጣሁት?»

ጠፍሩ ቆሞ ክር ይጠቀልላል። የሚጠቀለል ክር አልነበረም፤ የተጠቀለለውን ነው ፈቶ የሚጠቀልለው።

«ያን ቀን» አለች፣ «ልጅ ይዤ ነበር። ትልቋን። ገና ሰባተኛ ሳምንቴ ነው፣ ለራሴም እርግጠኛ አልነበርኩም። ያን ሰሞን ውሃው ይሸተኛል፣ ሳሙናው ይሸተኛል፣ ግድግዳው ይሸተኛል። በሩን የከፈትኩት እሱ ስላንኳኳ እንኳ አይደለም፣ ሊያስመልሰኝ ነው እየሮጥኩ የነበረው። ይሄ ደግሞ ቆዳ ተሸክሞ መንገድ ዘጋብኝ።»

«ልጅቷ መቼ እንደተወለደች አውቃለሁ» አለ ጠፍሩ፣ ክሩን እያየ። «አላያያዝኩትም።»

«አላያያዘውም!» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ሎሚ ታቅፌ ተኛሁ። ሎሚ ቤቴ አላስገባም፣ ታውቃለህ? ሻይ ላይ እንኳ። አጠገቤ የሚተኛው ይበቃኛል ብዬ።»

ልስቅ ነበር። ግን ፊቷ የሳቅ አልነበረም።

«ሥራህን ላየው ስል አትምጪ አለኝ። ልብሱን እዚህ ይተዋል፣ እጁን ፍቆ ይመጣል። ከእኔ የሚደብቀው ኑሮ አለው አልኩ። እኔን የሚያስገባበት አይደለም አልኩ። መጀመሪያ ከፋኝ፣ ኋላ ለመድኩት።»

«ለምን አልጠየቅሽውም?» አልኳት።

«እሱስ ለምን አልጠየቀኝም?»

ያን ጊዜ ‘ምን ይጠየቃል?’ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጠፍሩ በዚህ ጊዜ ነው አንድ ጥያቄ የጠየቃት። ቀና ብሎ አይቷት፣ «ሽታውን ግን… ትወጂዋለሽ?» አላት።

«የምወደውም የምጠላውም አልነበረም» አለች። «ያንተ ነበር፣ በቃ።»

ከዚያ ዓይኗን አጥብባ ጠረጴዛውን፣ ጓሮውን፣ በጓሮው በር የሚታየውን ቧንቧ አየች።

«አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም» አለች። «ሎሚውን ማን ነገረው? ስጠይቀው ‘ራሴ ነኝ’ ይለኛል። ይሄ ሰው ራሱ ሎሚ አስቦ የሚያመጣ ሰው ነው?»

«ራሴ ነኝ አልኩሽ እኮ» አለ ጠፍሩ ቶሎ ብሎ።

ዓይኑ ወደ እኔ ዞር አላለም። ሊያድነኝ ነው። በዚያች ሰዓት ወረንጦዬ የያዘችውን ትንሽ ማርሽ የት እንደማስቀምጣት አጣሁ። ዝም ብል ያልፍ ነበር፤ እሱም ዕድሜ ልኩን አያነሣብኝም። ያ ነው የባሰብኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ሎሚውም፣ አታምጣት ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ብዙ አየችኝ። «ያን ጊዜ ሚስት ነበረችህ?» አለችኝ።

«አልነበረችኝም።»

«አሁንስ?»

«አሁንም የለችኝም።»

ራሷን ነቀነቀች። ጀርባዬን በቡጢ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣችም። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ከበርጩማው ተነሥታ ወደ ጠፍሩ ሄደች። ክሩን ከእጁ ተቀብላ አስቀመጠችው። እጁን ገልብጣ ስንጥቆቹን አንድ በአንድ አየቻቸው፣ ከቦርሳዋ ቅባቱን አውጥታ በአውራ ጣቷ ቀባቻቸው። ከዚያ አፍንጫዋን መዳፉ ውስጥ አድርጋ ቆየች። ብዙ ቆየች። ፊቴን ያዞርኩት እኔ ነኝ።

ልትሄድ ስትል የተረፈችውን ብልቃጥ ከጠረጴዛው አንስታ እኔ ፊት አኖረቻት። ሥሯ ላይ ትንሽ ቀርታለች።

«ይቺ ላንተ ትሁን» አለች። «ሁለት ጠብታ። እንደ እሱ እንዳታሸው።» አሁን ትንሽ ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ቀኑ እንደሌላው ቀን ሆነ። ጠፍሩ ሰፋ፣ እኔ ጠገንኩ፣ ስለ ጉዳዩ አላወራንም። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ደንበኛ ገባብኝ። ከሰዓት በኋላ የአንዲት ሴት ትንሽ ሰዓት ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ ከኋላዬ ሲነሣ ሰማሁት። ከጥቅሎቹ ቡናማውን መርጦ ትከሻው ላይ ጣለና ሽርጡን እንኳ ሳያወልቅ በአጠገቤ አለፈ። «ለእሷ ቦርሳ እቆርጣለሁ፣ ቤት። ደህና እደር» አለኝ። ደህና እደር ብዬ መለስኩ መሰለኝ። ቀና አላልኩም።

ማርሿን ገጠምኩ፣ ፈታሁ፣ እንደገና ገጠምኩ። ቧንቧው ሲከፈት እሰበስባለሁ ብዬ እየጠበቅሁ ነው። በመጨረሻ ቀና ስል መስኮቱ ጨልሟል፣ የጎረቤት ሱቆች በሙሉ ተዘግተዋል። አርባዎቹም ሰዓቶች ከፊቴ ናቸው፣ አንዱንም አላየሁም።

ጓሮ ወጣሁ። ከቧንቧው ሥር ያለው ሲሚንቶ ደርቋል። ብሩሹ እንደተቀመጠ ነው፣ አጠገቡ ያለው ግማሽ ሎሚም ጠውልጓል። ሎሚውን አንስቼ በእጄ ይዤ ትንሽ ቆምኩ። ከዚያ ቆሻሻው ውስጥ ጣልኩትና በሩን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።